ከጦርነቱ በኋላ ጆንያ ለምን ጠፋ?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጆንያ መሥሪያ ጥሬ ዕቃ በየአገሩ እንደጠፋ አነበብኩ። ጁት የሚበቅለው ግን ቤንጋል ነው፤ እዚያ ማሳ ላይ ታንክ አልሄደም። ጦርነቱ በ1945 ካበቃ ለምን ቶሎ አልተስተካከለም? አንዱ የመርከብ እጥረት ነው ይላል፣ ሌላው የህንድና የፓኪስታን መከፈል ነው ይላል። የቱ ነው ትክክሉ?»

ሁለቱም እውነት አላቸው። ግን ሁለቱም ገበሬውን ይረሱታል። ጁት ቃጫው ለጆንያ የሚሆን፣ በየዓመቱ የሚዘራ ሰብል ነው። ስለዚህ የዘር ወቅት በመጣ ቁጥር ገበሬው «ዘንድሮ ልዝራው ወይስ ልተወው?» ብሎ ይወስናል። እጥረቱን ለመረዳት ከዚህ ውሳኔ መነሳት ይሻላል። መርከቡም ድንበሩም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። (ቤንጋል የምለው ዛሬ ባንግላዴሽና የህንዱ ምዕራብ ቤንጋል የሆነውን ምድር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ መጠኑን እንየው። 100 ኪሎ እህል የሚይዝ ደንበኛ የጁት ጆንያ ባዶውን አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንድ ሚሊዮን ቶን ስንዴ በጆንያ ለማጓጓዝ አሥር ሚሊዮን ጆንያ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህም 10,000 ቶን ቃጫ ነው። አንድ ሄክታር የጁት ማሳ በዚያን ጊዜ አንድ ቶን ገደማ፣ ጥሩ ሲሆን ትንሽ አለፍ ያለ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ለአንዱ ሚሊዮን ቶን ስንዴ ብቻ 10,000 ሄክታር መሬት ቤንጋል ውስጥ ጁት መዝራት አለበት። ስኳሩን፣ ቡናውን፣ ሩዙን፣ ሱፉን፣ ድንቹን፣ ሲሚንቶውን ጨምሩበት። ያኔ በዓለም ንግድ ብዙ ደረቅ ጭነት በጆንያ ነበር የሚሄደው። ዛሬ በጅምላ እየተዘረገፈ መርከብ ላይ የሚጫነው እህል፣ ያኔ በብዙ አገር አንድ በአንድ በሰው ትከሻ ነበር የሚወጣው።

ያ ሁሉ ቃጫ የሚመጣው ከሞላ ጎደል ከአንድ ቦታ ነበር፤ ጋንጀስና ብራህማፑትራ ወንዞች ተገናኝተው ባሕር ከሚገቡበት ዝቅተኛ ምድር። ጁት ሙቀት፣ ብዙ ዝናብና ወንዝ በየዓመቱ የሚያድሰው ደለል አፈር ይወዳል። ተዘርቶ በአራት ወር ገደማ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል፤ ሦስት ሜትር ማለፉ የተለመደ ነው። ከዚያ ይታጨዳል፣ ይታሰራል፣ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ልጡ ከእንጨቱ እስኪለቅ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ቀጥሎ ሰው ውሃው ውስጥ እስከ ወገቡ ቆሞ ቃጫውን በእጁ ይገፈዋል፣ ያጥበዋል፣ ያሰጣዋል። ይህን ሥራ የሚተካ ማሽን አልነበረም። ለመዘፍዘፊያ ደግሞ ንጹሕና ቀስ ብሎ የሚፈስ ብዙ ውሃ ያስፈልጋል። ውሃው ከጎደለ ቃጫው ይጠቁራል፣ ይሻክራል። «ሌላ አገር ለምን አልዘሩትም?» ለሚለው ጥያቄ የመልሱ ግማሽ እዚህ ላይ ነው። ዘሩ ይገኛል። ያንን ውሃና ያንን ጉልበት አንድ ላይ ማግኘት ነው ችግሩ።

አሁን ወደ ገበሬው እንመለስ። ጁት የሚዘራበት ማሳና ወቅት የመጀመሪያው ዙር ሩዝ የሚዘራበት ማሳና ወቅት ነው። ስለዚህ ጁት የዘራ ሩዝ ሊገዛ ነው፣ ሩዝ የዘራ ጥሬ ገንዘብ ሊያጣ ነው። ገበሬው ሁለቱን ዋጋ ያስተያያል፤ በጁቱ ሽያጭ ስንት ሩዝ እንደሚገዛ ያሰላል። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ከነጋዴው አስቀድሞ ብድር ወስዷል፤ ምርቱ እንደደረሰ መሸጥ አለበት፣ ዋጋ እስኪወጣ መጠበቅ አይችልም። የቤንጋል ዋና ከተማና ወደብ የካልካታ ገበያ ሲደምቅ ትርፉ በየመንገዱ ይቀራል። ሲወድቅ ግን ኪሳራው እሱ ጋ ይደርሳል። በ1930ዎቹ የዓለም የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ይህ በሚገባ ታይቷል። ያ ትዝታ ቀላል አልነበረም።

ጦርነቱ እንደጀመረ፣ በ1939፣ ለአሸዋ ከረጢት ትልቅ ትዕዛዝ መጣ። ዋጋው ዘለለ። በ1940 ሁሉም ጁት ዘራ። ገበያው ተትረፈረፈና ዋጋው ወረደ። የቤንጋል መንግሥት ለጁት የሚዘራውን መሬት በፈቃድ መገደብ ጀመረ፤ በ1941 የተዘራው መሬት በጣም ቀነሰ። ከዚያ በ1942 መጀመሪያ ጃፓን በርማን ያዘች። ቤንጋል ከበርማ ይመጣላት የነበረው ሩዝ ተቋረጠ። መንግሥት «ምግብ ዝሩ» ማለት ጀመረ። በ1943 ደግሞ ያ አሰቃቂ ረሃብ ደረሰ፤ የሞተው ሰው ብዙ ጊዜ እስከ ሦስት ሚሊዮን ይገመታል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ መሬት የሌላቸው የገጠር ሠራተኞች፣ ጀልባ ቀዛፊዎች፣ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ጁት የሚያጭዱት፣ የሚዘፈዝፉት፣ የሚያጓጉዙት እነሱ ነበሩ።

ይህን ቁጥር ሳነብ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። በጆንያ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ረሃቡ በአንድ መስመር ያልፋል። ለእኔ ግን እጥረቱ ለምን ቶሎ እንዳልተስተካከለ የሚያስረዳው ዋናው ነገር ይህ ነው። የሩዝ ዋጋ ከአቅም በላይ ሲወጣ ያየ፣ ጎረቤቱን የቀበረ ገበሬ፣ ሰላም ሆነ ስለተባለ ብቻ ማሳውን ወደ ጁት አይመልስም። መጀመሪያ ጎተራው እንዲሞላ ይፈልጋል። በማንኛውም የንግድ መዝገብ ላይ ይህ «የምርት መቀነስ» ተብሎ ይጻፋል። ለገበሬው ግን ትክክለኛ ፍርድ ነበር።

ስለዚህ «ማሳ ላይ ታንክ አልሄደም» የሚለው እውነት ቢሆንም ጦርነቱ ማሳው ድረስ ገብቷል። ፋብሪካውም አልተረፈም። በሁግሊ ወንዝ ግራና ቀኝ የተደረደሩት የካልካታ ፋብሪካዎች በድንጋይ ከሰል እጥረት ይቆሙ ነበር፤ አንዳንዶቹን ሠራዊቱ ለራሱ ሥራ ወስዷቸዋል። ባቡሩ ወታደርና ጥይት ያጓጉዛል። መርከቡም እንዲሁ። በአሜሪካ መንግሥት በ1941 መጨረሻ የጁት ጨርቅን ቁጥጥር ሥር አድርጎ ቅድሚያውን ለጦር ኃይሉ ሰጠ። በብሪታንያም የጁት ንግድ ከ1939 ጀምሮ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ገብቶ ነበር። በዚያው ጊዜ ጃፓን ፊሊፒንስንና ጃቫን ስለያዘች የማኒላ ቃጫና የጃቫ ሲሳል ጠፉ። እነዚህ በዋናነት ገመድ መሥሪያ ናቸው። እነሱ ሲጠፉ ግን ሌላው ጠንካራ ቃጫ ሁሉ ተፈላጊ ሆነ።

የመርከቡ ጉዳይ ግን ባንጻሩ ቶሎ ቀለለ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት መርከብ ተወደደ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ እጥረቱ እስከ 1950ዎቹ መዝለቁን በመርከብ ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

አሁን ወደ 1947። ነሐሴ ላይ ብሪታንያ ህንድን ለቅቃ ስትወጣ ድንበሩ ቤንጋልን ለሁለት ቆረጠ። ከጁት ማሳው ከአራት እጅ ሦስቱ ገደማ፣ ምርጡንም ቃጫ የሚሰጠው የማይመንሲንግ፣ የዳካና የፋሪድፑር አካባቢ፣ ምሥራቅ ፓኪስታን (የዛሬው ባንግላዴሽ) ውስጥ ቀረ። ከመቶ በላይ የሆኑት ፋብሪካዎች ደግሞ በሙሉ ማለት ይቻላል ህንድ ውስጥ፣ ካልካታ ዙሪያ ቀሩ። ማሳው ያለው መፍተያ የለውም። መፍተያ ያለው ማሳ የለውም። ለዘጠና ዓመት ያህል፣ ከ1855ቱ የሪሽራ የመጀመሪያ ፋብሪካ ጀምሮ፣ ሁለቱ አንድ ሥርዓት ሆነው ነበር የኖሩት። ቃጫው በጀልባና በእንፋሎት መርከብ ወንዙን ወርዶ፣ በባቡር ተጭኖ ካልካታ ይገባ ነበር። አሁን ያ መንገድ መሃል ላይ የጉምሩክ ኬላ ቆመ። ፓኪስታን በሚወጣው ጁት ላይ ቀረጥ ጣለች። ይህ የሚጠበቅ ነበር፤ አዲሱ መንግሥት ከጁት የተሻለ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ አልነበረውም።

ሆኖም ልብ በሉ፦ ድንበሩ ብቻውን ጁቱን አላቆመውም። በ1948 በስምምነትም በኮንትሮባንድም ቃጫው መሻገሩን ቀጠለ። ቺታጎንግ ወደብ ያኔ ትንሽ ነበር፤ ፓኪስታን ያን ሁሉ ምርት በራሷ ወደብ ልታወጣ አትችልም። ህንድም ያለዚያ ቃጫ ፋብሪካዎቿን ልታንቀሳቅስ አትችልም። ስለዚህ ሁለቱም ሳይወዱ ይነግዱ ነበር።

የከፋው የመጣው በመስከረም 1949 ነው። ብሪታንያ የፓውንድን ዋጋ ከ4.03 ዶላር ወደ 2.80 ዶላር አወረደች። ህንድ ተከትላ ሩፒዋን በተመሳሳይ መጠን አወረደች። ፓኪስታን ግን እምቢ አለች። ትናንት አንድ ለአንድ የነበሩት ሁለቱ ሩፒዎች ተለያዩ፤ 100 የፓኪስታን ሩፒ 144 የህንድ ሩፒ ሆነ። ለካልካታ ፋብሪካ ይህ ማለት ጥሬ ዕቃው በአንድ ሌሊት ከአርባ በመቶ በላይ ተወደደ ማለት ነው። ህንድ ይህን ምንዛሪ አልቀበልም አለች። ፓኪስታን ጁቷን ያዘች። ህንድ የድንጋይ ከሰል መላክ አቆመች። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ንግድ ከሞላ ጎደል ቆመ።

ውጤቱ ሁለቱንም ጎዳ። ካልካታ ውስጥ ፋብሪካዎች የሥራ ሰዓት ቀነሱ፣ ከሽመና ማሽኖቻቸው የተወሰኑትን አቆሙ። ምሥራቅ ፓኪስታን ውስጥ ደግሞ ገበሬው ገዢ አጣ። የፓኪስታን መንግሥት የጁት ቦርድ አቋቁሞ ከገበያው ላይ ሊገዛ ሞከረ፤ ዝቅተኛ ዋጋም ወሰነ። ግን በየመንደሩ ያለው ገበሬ እጅ የሚደርሰው ዋጋ ሌላ ነበር። ዓለም ጆንያ አጣሁ እያለ በሚጮህበት በዚያው ወቅት ቃጫ የተከመረበት ቤት ነበር። እጥረት ስንል ሁልጊዜ ዕቃው የለም ማለት አይደለም። የሚያገናኘው መንገድ ሲዘጋም እጥረት ይባላል።

ሚያዝያ 1950 ላይ ጊዜያዊ ስምምነት ተደረገና ጥቂት ጁት መንቀሳቀስ ጀመረ። ብዙ ሳይቆይ፣ በሰኔ 1950፣ የኮሪያ ጦርነት ተነሳ። መንግሥታት እንደገና ማከማቸት ጀመሩ። የጁት ዋጋ ጣሪያ ነካ። ህንድ የፓኪስታንን ምንዛሪ የተቀበለችው በየካቲት 1951 ነው፤ ንግዱም ያኔ ተከፈተ። በ1952 ደግሞ የኮሪያው ትኩሳት በርዶ ዋጋው ተንኮታኮተ። እጥረቱ በዚህ መልክ አበቃ፤ መጀመሪያ በከፍተኛ ዋጋ፣ ቀጥሎ በውድቀት። በሁለቱም ጊዜ ውስጥ ገበሬው ከዋጋው የደረሰው ጥቂት ነው። ከጁት የሚገኘው የውጭ ምንዛሪ ወደ ምዕራብ ፓኪስታን ልማት ይሄዳል የሚለው የምሥራቁ ሕዝብ ቅሬታም ከዚያ ወዲህ እየጠነከረ ሄዶ፣ በ1971 ባንግላዴሽ እስክትወለድ ድረስ ከፖለቲካው አልወጣም።

ከጥያቄዎ ጋር አብሮ የሚነሳ ሌላ ነገር አለ። «ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ያ ሁሉ የአሸዋ ከረጢት የት ሄደ? ለምን እሱን አልተጠቀሙበትም?» ይባላል። ብዙው እዚያው ምሽጉ ላይ በስብሷል። የጁት ጨርቅ እርጥብ አፈር ላይ ዕድሜው በወራት ነው። የተረፈው ደግሞ እንዳይበሰብስ ኬሚካል የተነከረ ነበርና እህል ሊሞላበት አይችልም። ዱቄትና ስኳር ሽታ ይስባሉ። ከዚህ ይልቅ የረዳው ያገለገለ ጆንያን መልሶ መሰብሰብ ነው። ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር፤ ማራገፍ፣ መለየት፣ መጥቀም፣ መጣፍ። ሲሚንቶ የያዘው ወደ አንድ ወገን፣ ስኳር የያዘው ወደ ሌላ። በእጥረቱ ዓመታት ብዙ አገር የተንቀሳቀሰው በአዲስ ጆንያ ሳይሆን በተጣፈ ጆንያ ነው። ይህንን ሥራ የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ፤ በምርት ቁጥሮች ውስጥ ግን የሉም።

ምትክ ፍለጋውም ቀላል አልነበረም። ጥጥ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ዱቄትና የእንስሳት መኖ በጥጥ ከረጢት ይሸጥ ነበር፣ ባለአበባውን ጨርቅ እናቶች ለልጆች ልብስ ይሰፉበት ነበር። ለአውሮፓ ግን የአሜሪካ ጥጥ በዶላር ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ከሁሉ የጠፋው ዶላር ነው። ወረቀትም ነበር። ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በባሕር ስትታገድ ወረቀት ፈትላ ጆንያ ሸምናለች። ከሁለተኛው በኋላ ብዙ ድርብ ያለው የወረቀት ከረጢት ሲሚንቶውን ከጁት ወሰደው፤ ይህ ቦታ ወደ ጁት አልተመለሰም። እርጥበት ያለበት መርከብና በመንጠቆ የሚሠራ ወደብ ላይ ግን ወረቀት አይችልም።

ጁትን በሌላ አገር ለማብቀል ከተሞከረው ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ የብራዚሉ ነው። ብራዚል ቡናዋን የምትልከው በህንድ ጁት ነበር። በ1930ዎቹ ጃፓናውያን ሰፋሪዎች አማዞን ዳር፣ ፓሪንቲንስ አካባቢ ጁት ዘሩ። መጀመሪያ አልሆነም፤ ተክሉ አጭር ሆኖ ቀረ። ከመካከላቸው ሪዮታ ኦያማ የተባለ ሰው ከሌላው በልጠው ያደጉ ጥቂት ተክሎች አግኝቶ ዘራቸውን ጠብቆ አባዛ። የአማዞን ጁት ከዚያ መጣ። አማዞን ቤንጋል ያለውን ነገር አለው፤ በየዓመቱ የሚሞላ ወንዝ፣ ደለል፣ ለመዘፍዘፊያ የሚሆን ውሃ። በ1950ዎቹ ብራዚል ለራሷ ጆንያ የሚሆነውን አብዛኛውን ቃጫ ራሷ ታመርት ጀመር። ኮንጎም በራሷ ቃጫ፣ ኡሬና በሚባለው ተክል፣ ጆንያ ትሠራ ነበር። ኩባ ውስጥ ደግሞ ከአሜሪካ ጋር ኬናፍ የሚባል ጁት መሰል የቃጫ ተክል ለስኳር ጆንያ ተሞከረ።

ሁለቱ ባላንጣዎች ራሳቸው ግን ከሁሉ የበለጠ ሄዱ። ህንድ በምዕራብ ቤንጋል፣ በአሳምና በቢሃር ማሳ አስፋፋች። በ1950/51 ምርቷ ወደ 3.3 ሚሊዮን ጥቅል (አንዱ 180 ኪሎ ገደማ) ደርሶ ነበር፤ የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ 5.4 ሚሊዮን ገደማ ለማድረስ አለመ። ቃጫው ግን ከምሥራቁ ያንስ ነበር፣ የተያዘውም መሬት ለሩዝ የሚፈለግ መሬት ነው። አገሩ ራሱ እህል ከውጭ ያስገባ ነበርና ይህ ከባድ ምርጫ ነው። ፓኪስታን ደግሞ ፋብሪካ መትከል ጀመረች። ናራያንጋንጅ ላይ በ1951 ሥራ የጀመረው አዳምጂ ፋብሪካ ኋላ በዓለም ትልቁ ሆኖ ነበር (በ2002 ተዘግቷል)። በ1950 መጨረሻ እዚያው ምሥራቅ ፓኪስታን፣ ቻልና ላይ አዲስ የመርከብ መልሕቅ መጣያ ተከፈተ። ሁለት ሙሉ ኢንዱስትሪ ጎን ለጎን ቆመ ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ የተፎካከሩት ሁለቱ ናቸው፣ ዋጋውን ያወረዱትም እነሱ ናቸው።

በሌላ በኩል አንዳንድ ገዢዎች ከጆንያ ጋር ጨርሰው ተለያዩ። አውስትራሊያ ስንዴዋን የምትሞላው በካልካታ ጆንያ ነበር። ምዕራብ አውስትራሊያ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በጅምላ ማጓጓዝ ጀምራ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ጆንያ ውድና እንደልብ የማይገኝ ሲሆን ሌሎቹም በዚያው መንገድ ገፉ። ጎተራና ማንሻ ማሽን አንዴ ከተሠራ ወደ ጆንያ የሚመለስ የለም። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ በ1950ዎቹ ተገኝቶ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተሸመነ ከረጢት መልክ ሲመጣ፣ ጁት ከገበያው የተወሰነውን አስቀድሞ አጥቷል።

ስለዚህ «የቱ ነው ትክክሉ?» ለሚለው፣ እኔ እንዲህ ነው የምከፍለው። እስከ 1946 ድረስ ላለው መርከቡ፣ የድንጋይ ከሰሉና ከሁሉ በላይ የሩዙ ጉዳይ ነው። ከነሐሴ 1947 በኋላ ድንበሩ ያስቸግራል እንጂ አይዘጋም። ከመስከረም 1949 እስከ የካቲት 1951 ያለው ግን በአመዛኙ የምንዛሪ ጠብ የፈጠረው ነው፤ ኮሪያ አባባሰችው።

ቁጥር ፍለጋ ከገቡ ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። የጁት ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው፤ «1949/50» የሚለውን ከተራው ዓመት ጋር አያደባልቁ። «ጥቅል» ተብሎ የሚቆጠረው ለውጭ ገበያ የሚታሰረው 400 ፓውንድ፣ ማለትም 180 ኪሎ ገደማ ነው፤ በየመንደሩ የሚታሰረው ሌላ ክብደት አለው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የ«ህንድ» ምርት በ1947 ገደል እንደገባ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ያገኛሉ። ከዚያ ዓመት ወዲህ ያለው አኃዝ ምሥራቅ ቤንጋልን አይጨምርም፤ የፓኪስታኑን ካልደመሩበት የሚያዩት የድንበሩን መስመር እንጂ የምርቱን መውደቅ አይደለም።